ተራው ባለሙያ በዲግሪ አይለካም

አሜሪካ ውስጥ በመብራት ፓተንት ላይ የተነሱ ክርክሮችን መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ፈጠራው የሚመዘንበት «ተራ ባለሙያ» ማን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ቀመር ደጋግሞ ያገኛል፦ በኤሌክትሪክ ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ትምህርት፣ በዚያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሥራ ልምድ። አንዱ ወገን እንዲህ ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው አንድ ዓመት ጨምሮ ወይም ቀንሶ ይመልሳል፤ ዳኞቹም ልዩነቱ ውጤቱን አይለውጥም ብለው አንዱን ተቀብለው ያልፋሉ። ብዙ መቶ ገጽ በሚፈጅ ክርክር ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚደርሰው አንድ አንቀጽ ነው።

ይህ አሠራር የብስለት ምልክት ተደርጎ ይታያል። የባለሙያው ደረጃ እንደ መግቢያ ሥርዓት ነው፣ ቶሎ ተጨርሶ ወደ ዋናው ነገር መገባት አለበት የሚለው አስተያየት በጠበቆችም በዳኞችም ዘንድ ሰፍኗል። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ዋናው ነገር ይኸው ራሱ ነው። ተራው ባለሙያ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የተሰጠ ፍርድ፣ ማን እንደለካ ሳይታወቅ የተነገረ ልክ ነው። በመብራት ሥራ ደግሞ ጥፋቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም መብራት የአንድ ሙያ ውጤት ሆኖ አያውቅም።

ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው ከሕጉ ልጀምር። ፓተንት አዲስ ለሆነ ነገር ሁሉ አይሰጥም። በ1952 የወጣው የአሜሪካ የፓተንት ሕግ፣ ፈጠራው በወቅቱ በሙያው ተራ ችሎታ ላለው ሰው ግልጽ ከነበረ ባለመብትነት አይገባውም ይላል። ማንም የሙያው ሰው በዕለት ሥራው ሊደርስበት የሚችለውን ነገር አንድ ኩባንያ ለዓመታት በብቸኝነት እንዳይይዘው ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 በግራሃምና በጆን ዲር ክርክር ላይ ዳኞች የሚመረምሩትን ዘረዘረ፦ ቀድሞ የታወቀው ሥራ ምን እንደነበር፣ አዲሱ ከእሱ በምን እንደሚለይ፣ በሙያው ያለው ተራ ችሎታ ምን ያህል እንደሆነ፤ ከእነዚህ ጋር እንደ ገበያ ስኬትና ለረጅም ጊዜ ሳይሟላ እንደቆየ ፍላጎት ያሉ አጋዥ ማስረጃዎች። ችሎታው ከዝርዝሩ መካከል የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ የሚለው ጥያቄ ራሱ ለማን ተብሎ ካልተጠየቀ መልስ የለውም።

የመለኪያው አመጣጥም ከዲግሪ ጋር ዝምድና የለውም። በ1851 ፍርድ ቤቱ የበር እጀታን ጉዳይ ሲያይ፣ ከእንጨትና ከብረት ይሠራ የነበረውን እጀታ ከሸክላ መሥራት ፓተንት ያሰጣል ወይ ተብሎ ነበር የተጠየቀው። መልሱ አያሰጥም ሆነ፤ ለዚህ የሚበቃው ሥራውን የሚያውቅ ተራ የእጅ ባለሙያ ችሎታ ነውና። ዳኞቹ ያዩት በሱቁ ውስጥ ቆሞ ቁሳቁሱን የሚያውቀውን፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅና የትኛው እንደሚጸና የሚለየውን ሰው ነው። ያ ሰው በጊዜ ብዛት ከመዝገቡ እየጠፋ፣ ቦታውን የትምህርት ማስረጃና የዓመት ቁጥር እየያዙት መጡ። በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ መኪና ፔዳል በወሰነው ዝነኛው የኬኤስአር ጉዳይ እንኳ፣ የሥር ፍርድ ቤት የባለሙያውን ደረጃ ያስቀመጠው በሜካኒካል ምህንድስና ዲግሪ ወይም በተመጣጣኝ የሥራ ልምድ፣ ከፔዳል ሥራ ትውውቅ ጋር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ውሳኔ ይህ ሰው የራሱ የማሰብ አቅም ያለው እንጂ እንደ ማሽን የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ አይደለም ብሎ አጥብቆ አስገነዘበ። ታዲያ የማሰብ አቅሙ ምን ያህል ነው? ዲግሪው ይህን አይነግረንም።

ተቃራኒው አቋም በቀላሉ የሚናቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ደጋፊዎቹ የሚያነሱት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውጤቱ አይለወጥም ይላሉ፤ የፌዴራሉ የፓተንት ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2001 ቀድሞ የታወቀው ሥራ ራሱ ደረጃውን የሚያሳይ ከሆነ ዳኛው ለብቻው ባይወስን ስህተት አይሆንም ብሏል። ሁለተኛ፣ ዲግሪና ዓመት የሚቆጠር ነገር ስለሆነ ክርክር ይቀንሳል ይላሉ። ሦስተኛ፣ ሰዎች በእርግጥ ምን ይችሉ ነበር ብሎ መመርመር ዳኛውን ነገሩ ካለቀ በኋላ ወደሚመጣ ጥበብ ይመራዋል፣ መልሱን ያወቀ ሰው ደግሞ ሁሉም ቀላል ይመስለዋል ይላሉ።

የመጀመሪያውን የሚያፈርሰው የዚያው የይግባኝ ፍርድ ቤት የ2007 ውሳኔ ነው። ጉዳዩ በጆሮ ውስጥ የሚንጠባጠብ የኢንፌክሽን መድኃኒት ነበር። የሥር ፍርድ ቤት ተራው ባለሙያ የሕፃናት ሐኪም ወይም ጠቅላላ ሐኪም ነው ብሎ ተነሳና ፓተንቱን አጸና። ይግባኝ ሰሚዎቹ ፈጠራውን የሠሩት ሰዎች ማን እንደነበሩ፣ የፈቱትም ችግር ምን እንደነበር መረመሩ። ችግሩ አዲስ መድኃኒት የማዘጋጀት እንጂ በሽተኛን ተቀብሎ የማከም አልነበረም። ስለዚህ ተራው ባለሙያ ለጆሮ ሕክምና መድኃኒት የሚያዘጋጅ ስፔሻሊስት ነው ተባለ። ያ ሲሆን ፓተንቱ ወደቀ። የቀረቡት ጽሑፎች አልተለወጡም፤ የተለወጠው አንባቢው ነው። ውጤቱን አይለውጥም የሚል ሰው ይህን ፍርድ እንዴት አድርጎ እንደሚያስታርቀው ሊነግረን ይገባል።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ። በ1879 ሜንሎ ፓርክ ውስጥ በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ የሚሠሩትን ሰዎች ተመልከቱ። ፍራንሲስ አፕተን ፕሪንስተን የተማረ፣ በርሊን ከፊዚክስ ሊቁ ከሄልምሆልትዝ ዘንድ የቀጸለ የሒሳብ ሰው ነው። ቻርልስ ባችለር ከእንግሊዝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጣ እጀ ብልህ መካኒክ ነው። ሉድቪግ ቤም ከጀርመን የመጣ መስታወት ነፊ ነው። ኤዲሰን ራሱ ትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ወራት ነው። አምፖሉ የሚጠይቀውን አስቡ፦ ከፍተኛ መቋቋም ያለው ቀጭን የካርቦን ክር መሥራት፣ ክሩ ሳይጣመም እንዲከስል ማድረግ፣ ሽቦውን አየር በማያስገባ መስታወት ውስጥ አሳልፎ ማሸግ፣ ከዚያም በሜርኩሪ ፓምፕ አየሩን እስከ መጨረሻው ማውጣት። የክሩ መቋቋም ለምን ከፍ ማለት እንዳለበት የሚያሰላው አፕተን መስታወቱን ማሸግ አይችልም፤ መስታወቱን የሚያሽገው ቤም ስሌቱን አይሠራም። ከእነዚህ መካከል ተራው ባለሙያ የቱ ነው? ከአንድ ሰው ሲፈለግ የማይገኘው ችሎታ ከቡድኑ ላይ ይገኛል። የአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት ይህን ተቀብሎ፣ ጉዳዩ ሲጠይቅ ባለሙያው የሰዎች ቡድን ሊሆን እንደሚችል በመመሪያው አስፍሯል። የዲግሪና የዓመት ቀመር ግን ሁልጊዜ የሚያየው አንድን ግለሰብ፣ ያውም የኤሌክትሪክ መሐንዲስን ነው።

በዚያው ዘመን የዲግሪን ሚዛን የሚያሳጣ ሌላ ሰው አለ። ሉዊስ ላቲመር በ1848 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ከቨርጂኒያ ባርነት ካመለጡ ወላጆች ተወለደ። በልጅነቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ባሕር ኃይል ገብቶ ተዋጋ። ከዚያ ቦስተን በሚገኝ የፓተንት ጠበቆች ቢሮ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ነዳፊዎቹ ሲሠሩ እያየ፣ ያገለገሉ መሣሪያዎች ገዝቶ ሌሊት እየተለማመደ ንድፍ ተማረ፤ ውሎ አድሮም የነዳፊዎቹ አለቃ ሆነ። የኤዲሰን ተፎካካሪ በነበረው በሃይረም ማክሲም ኩባንያ ሲሠራ፣ የካርቦን ክር ሲከስል እንዳይጣመምና እንዳይሰበር የሚያደርግ ዘዴ ፈጥሮ በጥር 1882 ፓተንት ተሰጠው። ዘዴው ለአምፖል የተቆረጠውን ጥሬ ክር በወረቀት ሰሌዳ ኪስ ውስጥ አድርጎ ማክሰል ነበር። በኋላ ኤዲሰን ኩባንያ ገብቶ በሕግ ክፍሉ ሠራ፤ በ1890 ስለ ኤሌክትሪክ መብራት መጽሐፍ አወጣ፤ በአምፖሉ የፓተንት ክርክሮችም በባለሙያነት መሰከረ። የመብራት ፓተንት ታላላቅ ክርክሮች በተካሄዱበት ዘመን፣ ፍርድ ቤቱ ምክሩን የሰማው ዩኒቨርሲቲ ደጅ ካልረገጠ ሰው ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ቀመር ቢመዘን ላቲመር በራሱ ሙያ ተራ ባለሙያ እንኳ ተብሎ ለመቆጠር «ተመጣጣኝ ትምህርት» በሚለው ሐረግ በኩል መለመን ይኖርበታል።

ላቲመር ልዩ ሰው ነው፣ መለኪያው ለተራው ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን የእኔ ነጥብ ዲግሪ ልዩውንም ተራውንም አይለይም የሚል ነው። ሌላ ዘመን እንይ። ሹጂ ናካሙራ በጃፓን ቶኩሺማ ግዛት በኒቺያ ኩባንያ ሲሠራ የነበረው በማስተርስ ዲግሪ ነው። በ1988 ለአንድ ዓመት ፍሎሪዳ ሲሄድ፣ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ዶክትሬት ስለሌለው ባልደረቦቹ የሚያዩት እንደ ቴክኒሻን ነበር። በዚያ ጊዜ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ለመሥራት ከሚጥሩት ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ያተኮሩት ዚንክ ሴሌናይድ በሚባለው ቁሳቁስ ላይ ነው። ናካሙራ የተናቀውን ጋሊየም ናይትራይድ ያዘ፤ ጋዝ በሁለት አቅጣጫ የሚፈስበት የራሱን ማሳደጊያ መሣሪያ ሠራ፤ በ1993 ብሩህ ሰማያዊ ኤልኢዲ አቀረበ፤ ዶክትሬቱን ያገኘው ከዚያ በኋላ በ1994 ነው። በ2014 ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የዘርፉ ተራ አስተሳሰብ ምን ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ዳኛ የሚጠቅመው የማስረጃ ዓይነት ይህ ነው፦ በወቅቱ ሰዎች ምን ላይ ይሠሩ ነበር፣ ምን ትተው ነበር፣ ለምን ተዉት። የዲግሪያቸው ደረጃ ከዚህ አንዱንም አይገልጽም። ዶክትሬት ያላቸውን ሰብስቦ የተነሳ መለኪያ የሚያገኘው ዚንክ ሴሌናይድን ነው።

የነጭ ኤልኢዲ ጉዳይ ይበልጥ ቅርብ ሆኖ ያሳያል። ዛሬ ቤታችን የሚበራው አብዛኛው ኤልኢዲ ውስጡ ሰማያዊ ነው። በትንሽ ጽዋ ውስጥ ከተቀመጠው ሰማያዊ ቺፕ ላይ ቢጫ የፎስፈር ዱቄት የተቀላቀለበት ሙጫ መሰል ፕላስቲክ ይፈስሳል። ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉ ዱቄቱን መትቶ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ከፊሉ እንዳለ ያልፋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ዓይን ነጭ ያያል። ዱቄቱ ይትሪየም አልሙኒየም ጋርኔት ሲሆን ሴሪየም ይጨመርበታል፤ ይህ ፎስፈር ከ1967 ጀምሮ በሳይንስ ጽሑፍ የታወቀና በካቶድ ጨረር ቱቦ ሥራ ላይ የዋለ ነው። ኒቺያ ግን በ1996 ነጩን ኤልኢዲ ለገበያ ሲያቀርብና ፓተንት ሲይዝበት ሰማያዊውን ቺፕና ይህን ዱቄት ያገናኘው እሱ ነበር። በ2015 ዲትሮይት ላይ የታይዋኑ ኤቨርላይት ባነሳው ክርክር፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ ከዚህ ፓተንት የተወሰኑ አንቀጾችን ለባለሙያ ግልጽ ነበሩ ብሎ ዋጋ አሳጣቸው፤ በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አጸናው።

ውሳኔው ትክክል ነው ወይም ስህተት ነው ብዬ እዚህ አልፈርድም። የምለው፣ ይህን ጥያቄ ሰውየውን ሳያውቁ መመለስ እንደማይቻል ነው። ኒቺያ ራሱ ወደ ኤልኢዲ ከመግባቱ በፊት የፎስፈር አምራች ነበር፤ ለቴሌቪዥን ቱቦና ለፍሎረሰንት መብራት ዱቄት ሲያቀርብ የኖረ ነው። በዚያ ኩባንያ ጣሪያ ሥር የፎስፈሩ ኬሚስትና የሴሚኮንዳክተሩ መሐንዲስ አንድ ደጅ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። በሌላው ዓለም ግን ሁለቱ በተለያየ ጉባዔ የሚገናኙ፣ የተለያየ መጽሔት የሚያነቡ ሰዎች ነበሩ። ተራው ባለሙያ ኤልኢዲን የሚገጣጥም መሐንዲስ ከሆነ፣ የጋርኔት ዱቄት ከሩቅ ሙያ የመጣ እንግዳ ነገር ነው። ፎስፈር የሚያውቅ ሰው በቡድኑ ውስጥ ካለ ግን ዱቄቱ ከመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነው። በኤሌክትሪክ ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪና ሁለት ዓመት ያለው ሰው የትኛው ነው? ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ቀመሩ ጥያቄውን የመለሰ መስሎ የሸፈነው እዚህ ላይ ነው።

የባለሙያው ማንነት ፈጠራን ከመመዘን አልፎ የፓተንቱን ቃላት ለማንበብም ያስፈልጋል። ለፍሎረሰንት መብራት ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠረውን ባላስት በተመለከተ በፊሊፕስ ላይ የተነሳው ክርክር ጥሩ ምሳሌ ነው። ፓተንቱ የቮልቴጅ ምንጭ የሆነ ዘዴ ይላል፤ ይህ ሐረግ ለሙያው ሰው የታወቀ ዕቃ ይጠቁማል ወይስ ባዶ ቃል ነው ተባለ። የቴክሳሱ ዳኛ ምስክሮቹን ሰምቶ፣ ባለሙያ ይህን ሲያነብ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን ሬክቲፋየር ያስባል ብሎ ወሰነ። በ2013 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሻረው። በ2014 በሙሉ ችሎት ተቀምጦ ጉዳዩን እንደ አዲስ የማየት ሥልጣኑን አጸና። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ፣ የሥር ዳኛ ከማስረጃ ተነስቶ የደረሰበት የፍሬ ነገር ግኝት ሊከበር ይገባል በማለቱ የባላስቱ ጉዳይ ተመልሶ፣ በዚያው ዓመት የዳኛው ንባብ ጸና። ያ ሁሉ መመላለስ የአንድ ሐረግ ትርጉም ባለሙያው በሚያነብበት ዓይን ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። በመጨረሻ ያሸነፈውም ሬክቲፋየሩን በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች የሰጡት ምስክርነት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ፣ ቁጥር ክርክር ይቀንሳል የሚለው፣ በ2022 በራሱ በይግባኝ ፍርድ ቤቱ ተፈትኗል። ጉዳዩ የምስማር መምቻ መሣሪያ ነበር። ወገኖቹ የባለሙያው ደረጃ በዚህ መሣሪያ ንድፍ ላይ ልምድን ይጨምራል የሚለውን ተቀብለው አለፉ። በኋላ የአንደኛው ወገን ምስክር ከፍተኛ ዲግሪዎች ቢኖሩትም ያ የንድፍ ልምድ ስለጎደለው፣ ፍርድ ቤቱ ምስክርነቱ ሊሰማ አይገባም አለ። ሳይመረመር የታለፈ አንድ መስመር የአንድን ወገን ማስረጃ አፈረሰ። ክርክር የቀነሰ ያስመሰለው አሠራር ክርክሩን ወደማይታረምበት ሰዓት አሸጋገረው እንጂ አላስቀረውም።

ሦስተኛው ስጋት፣ መልሱን ካወቁ በኋላ ሁሉን ቀላል የማድረግ አደጋ፣ እውነተኛ ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ነገር ግን መድኃኒቱ የወቅቱን ማስረጃ ማየት ነው። በ1879 የብሪታንያ ፖስታ ቤት ታላቅ መሐንዲስ የነበረው ዊልያም ፕሪስ፣ የኤሌክትሪክን ብርሃን ለየቤቱ መከፋፈል ከንቱ ሕልም ነው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ከእንዲህ ያለ የዘመኑ ቃል የሚበልጥ ከኋላ ጥበብ የሚጠብቅ አጥር የለም። ባዶው ቀመር ግን ዳኛውን ያለ አጥር ይተወዋል፤ «የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው» የሚለውን ስም አልባ ምስል በገዛ ራሱ የዛሬ ዕውቀት ይሞላዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። የባለሙያው ደረጃ በሁለት በኩል የሚቆርጥ ነው። ደረጃው ከፍ ሲል ፈጠራው ግልጽ ነበር ለማለት ይቀልላል፤ በሌላ በኩል ግን ባለፓተንቱ በጽሑፉ ዝርዝር ባይገልጽም ባለሙያው ራሱ ይሞላዋል ለማለት ያስችላል። በ1895 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈጣሪዎቹን የሶየርንና የማንን የአምፖል ፓተንት የጣለው ጽሑፉ ለባለሙያው በቂ ስላልነበረ ነው፤ ባለመብቶቹ ክር የሚሆንን የዕፅዋት ጭረት ሁሉ በጅምላ ይዘው፣ ኤዲሰን ግን ለሥራው የሚሆነውን የቀርከሃ ዓይነት ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠሩ ዕፅዋትን መፈተን ነበረበት። አንድ ወገን ግልጽነትን ሲከራከር ሊቅ ባለሙያ፣ የጽሑፍ ጉድለትን ሲከራከር ጀማሪ ባለሙያ እንዳያቀርብ የሚከለክለው፣ ደረጃው ገና በጠዋት በማስረጃ ተወስኖ በሁለቱም ላይ ሲሠራ ነው።

ይህ የባሕር ማዶ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የፈጠራ ብቃትን የሚመዝነው በዚሁ በሙያው ተራ ችሎታ ባለው ሰው ነው። ክርክሩ ሲመጣ ቀመሩን እንዳለ ቀድተን ከወሰድን፣ አብዛኛው ብልሃት ያለ ዲግሪ በሚሠራባቸው ወርክሾፖች ላይ ከውጭ የተሰፋ ልብስ እናለብሳለን።

መደረግ ያለበት አስቸጋሪ አይደለም፤ መንገዱም በ1983 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተዘርዝሯል፦ የፈጣሪው ትምህርት፣ በሙያው የሚያጋጥሙ ችግሮች ዓይነት፣ ቀደምት መፍትሔዎቻቸው፣ የለውጥ ፍጥነት፣ የቴክኖሎጂው ውስብስብነት፣ በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ትምህርት። ከስድስቱ የትምህርት ነገር በሁለቱ ብቻ እንደሚነሳ ልብ በሉ። ዳኞች አራቱን የቀሩትን ትተው ሁለቱን ብቻ ማንበብ ያቁሙ። የመብራት ጉዳይ ሲቀርብላቸው ሥራው የማን የማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ኬሚስቱን፣ መስታወቱን የሚያውቀውን፣ ባላስቱን የሚሠራውን፣ ቺፑን የሚያሳድገውን ይለዩ። አንድ ሰው ካልበቃ ቡድን ነው ብለው ይጻፉ። ከዚያም ወገኖች የዘመኑን ካታሎግ፣ የፋብሪካ ማስታወሻና የጉባዔ ንግግር አቅርበው እነዚህ ሰዎች ያኔ ምን ይችሉ እንደነበር ያሳዩ። ይህ ሁሉ ከሌላው ጥያቄ በፊት በጽሑፍ ይወሰን።

ፓተንት ሕዝብ ለፈጣሪው የሚሰጠው ውድ መብት ነው። ሲሰጥም ሲነጠቅም በሕያው ሙያ ሚዛን ሊመዘን ይገባል። ሚዛኑን የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ ለማጣራት ጊዜ የለኝም የሚል ዳኛ፣ የሌላውን መብት ለመወሰንም ጊዜ ሊኖረው አይገባም።